ኮምፒውተርዎ ሲያስቸግር፦ ቫይረስ ነው ወይስ የሃርድዌር ብልሽት?

ጁባ ታውን ውስጥ ምሽት ላይ አንዱ ጄኔሬተር ቆሞ ሌላው ሲነሳ፣ በሱቆችና በመኖሪያ ክፍሎች ያሉ አምፖሎች ለአፍታ ይደበዝዛሉ፤ ወዲያው ደግሞ ከወትሮው በላይ ይደምቃሉ። በዚያች ቅጽበት ሶኬት ላይ የተሰካ ኮምፒውተር ድርግም ብሎ ሊጠፋ ይችላል።

በማግስቱ አልነሳ ሲል ወይም ተነስቶ ሲንቀራፈፍ፣ በቅድሚያ የሚሰጠው ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ተመሳሳይ ነው፦ "ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ።"

ይህ ፍርድ ከተሳሳተ ዋጋው ከባድ ነው። ፎርማት ማድረግ የተጎዳን ዕቃ አይጠግንም። የምግብ ቤቱን የዱቤ መዝገብ፣ የልጆችን ፎቶግራፍ፣ የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂዎችን ግን በአንድ ጊዜ ሊያጠፋ ይችላል። ከአገሩ ርቆ ለሚኖር ሰው እነዚህ ፋይሎች ከኮምፒውተሩ ዋጋ በላይ ናቸው።

ለመሆኑ ቫይረስን ከሃርድዌር፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ አካላዊ ክፍሎች ብልሽት እንዴት መለየት ይቻላል? ከሁሉ አስቀድሞስ ምን መደረግ አለበት?

ጁባ ለኮምፒውተር ለምን ትከብዳለች?

ደቡብ ሱዳን እአአ ሐምሌ 9/2011 ነጻነቷን ካወጀች በኋላ ዋና ከተማዋ ለዓመታት ስትንቀሳቀስ የቆየችው በአብዛኛው በግል ጄኔሬተሮች ነው። እአአ በ2019 መጨረሻ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ቢጀምርም፣ ጄኔሬተርና የፀሐይ ኃይል አሁንም የብዙ ቤቶችና ሱቆች መተማመኛ ናቸው። ከአንዱ የኃይል ምንጭ ወደ ሌላው በተሻገሩ ቁጥር የቮልቴጅ መዋዠቅ ይኖራል።

ሁለተኛው ፈተና ሙቀት ነው። እአአ መጋቢት 2024 የአገሪቱ መንግሥት የሙቀት መጠኑ እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቆ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ አዝዞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ወርም በጁባ ተማሪዎች በሙቀት ምክንያት ራሳቸውን በመሳታቸው ትምህርት ለሁለት ሳምንታት ተቋርጧል። ለንጽጽር ያህል፣ አፕል ላፕቶፖቹ እንዲሠሩበት የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ሦስተኛው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ፍላሽ ዲስክ ነው። ከኡጋንዳ በኩል የተዘረጋው የፋይበር ኦፕቲክ መስመር ጁባ የደረሰው እአአ በ2020 ሲሆን፣ የኢንተርኔት ዋጋ ዛሬም ለብዙዎች ቀላል አይደለም። ስለዚህ ፊልሙም፣ ሙዚቃውም፣ የሚጫነው ፕሮግራምም በፍላሽ ይዘዋወራል፤ ቫይረሱም አብሮ ይጓዛል።

ቫይረስ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል?

በታሪክ የሚጠቀሱ አጋጣሚዎች አሉ። እአአ በ1998 ታይዋን ውስጥ የተሠራውና "ቼርኖቤል" በሚል ስም የታወቀው ሲአይኤች የተባለ ቫይረስ፣ እአአ ሚያዝያ 26/1999 በብዙ አገራት ኮምፒውተሮችን ከጥቅም ውጭ አድርጓል። ቫይረሱ የሃርድ ዲስኩን የመጀመሪያ ክፍል ከማጥፋቱም በላይ፣ ኮምፒውተሩን የሚያስነሳውን ባዮስ የተባለ መሠረታዊ ፕሮግራም ይደመስስ ነበር። ባዮሱ የጠፋበት ኮምፒውተር ፕሮግራሙ ቺፑ ላይ እንደገና ካልተጻፈ፣ ወይም ቺፑ ወይም ማዘርቦርዱ ካልተቀየረ አይነሳም።

እአአ በ2010 የተደረሰበት ስታክስኔት ደግሞ በኢራን ናታንዝ የኒውክሌር ጣቢያ ዩራኒየም የሚያበለጽጉ ማሽኖችን ከልክ በላይ በማሽከርከር ጎድቷል። እሱም ከተሰራጨባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ዲስክ ነበር።

ይሁን እንጂ እነዚህ የተለዩ አጋጣሚዎች ናቸው። ዛሬ በቤት ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኙ ቫይረሶች ዓላማ ገንዘብ፣ የይለፍ ቃልና መረጃ መዝረፍ ነው። ለዚህም ማሽኑ በሕይወት እንዲቆይላቸው ይፈልጋሉ። በተዘዋዋሪ ዕቃን የሚያስጨንቁት በባለቤቱ ኮምፒውተር ተደብቀው ክሪፕቶከረንሲ የሚያመርቱት ናቸው፤ ፕሮሰሰሩን ያለ ዕረፍት ስለሚያሠሩት ማሽኑ ይግላል፣ ፋኑም ይጮኻል።

ስለዚህ እንደ መነሻ የሚያገለግል አንድ ሐሳብ አለ። የሚጮኽ፣ የሚግል፣ በድንገት የሚጠፋ ኮምፒውተር በቅድሚያ የሚጠረጠረው በሃርድዌር ነው። አደገኛው ቫይረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ድምፅ የለውም።

በቤት ውስጥ እንዴት እንለያለን?

የመጀመሪያው ጥያቄ "ችግሩ የሚከሰተው መቼ ነው?" የሚል ነው። ኮምፒውተሩን ሲያስነሱ ኤፍ2 ወይም ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ደጋግመው በመጫን ወደ ባዮስ ገጽ ይግቡ (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል)። ምንም ሳይነኩ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ያቆዩት። በዚህ ገጽ ላይ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። ኮምፒውተሩ እዚያም ከጠፋ ወይም ከደረቀ፣ ዊንዶውስ ውስጥ ያለ ቫይረስ ተጠያቂ ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው ፍተሻ ኮምፒውተሩን ከሌላ ሥርዓት ማስነሳት ነው። እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ሥርዓት በነጻ ይገኛል፤ በሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ፍላሽ ላይ ተዘጋጅቶ፣ ምንም ሳይጫን በቀጥታ ከፍላሹ ይሠራል። ኮምፒውተሩ በሊኑክስ ለሰዓታት ያለ ችግር ከሠራ ጥፋቱ የዊንዶውስ ወይም የቫይረስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በሊኑክስም ካስቸገረ ሃርድዌሩ ይመርመር።

ሦስተኛው ጆሮና እጅ ነው። ከሃርድ ዲስኩ "ቀጭ፣ ቀጭ" የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ መሰማቱ ዲስኩ እየሞተ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። የላፕቶፑ መዳሰሻ ወይም የታችኛው ክዳን ተነፍቶ ከታየ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል ወዲያውኑ መጠቀም ማቆም ይገባል። መብሳትም ሆነ መጫን ክልክል ነው።

አንዳንዱ ምልክት ያሳስታል። ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነና ድረ ገጾች "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ካሳዩ፣ ብዙዎች ቫይረስ ነው ይላሉ። በአብዛኛው ግን ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የተባለች የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ አልቃ ነው። ርካሽ ናት፤ በደቂቃዎች ትቀየራለች።

መንቀራፈፍም ብቻውን የቫይረስ ማስረጃ አይደለም። የሞላ ዲስክ፣ ያነሰ ራም ወይም ያረጀ ሃርድ ዲስክ ያንኑ ያመጣል።

ከዚህ በተቃራኒ የሚከተሉት ወደ ቫይረስ ያመለክታሉ፦

• ጸረ ቫይረሱ በራሱ ጠፍቶ አልበራ ሲል

• የብራውዘሩ መነሻ ገጽ ያለ ፈቃድ ሲቀየር

• እርስዎ ያልላኳቸው መልዕክቶች ከአካውንትዎ ሲወጡ

• የኢንተርኔት ጥቅል ያለ ምክንያት ቶሎ ሲያልቅ

• ፎልደሮች ሁሉ ወደ "ሾርትከት" ሲለወጡ

• ፋይሎች አልከፈት ብለው ገንዘብ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲመጣ

ከማንኛውም ነገር በፊት ቅጂ

መንስኤው ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው ሥራ ፋይሎችን ማዳን ነው። ጸረ ቫይረስ ማስኬድም፣ ዲስክ መጠገንም፣ ፎርማትም ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ሃርድ ዲስኩ የሚንቀጫቀጭ ከሆነ እያንዳንዱ ተጨማሪ ደቂቃ ሊጎዳው ይችላል። በዚህ ጊዜ የዊንዶውስን የዲስክ መጠገኛ ማስኬድ የቀረውን ዕድሜ ሊያሳጥር ስለሚችል አይመከርም። ቅድሚያ መቀዳት ያለባቸው ሊተኩ የማይችሉት ናቸው፦ ሰነዶች፣ ፎቶግራፎች፣ የሂሳብ መዝገቦች። ፊልሞችና ፕሮግራሞች ይቆዩ።

ቫይረስ ከተጠረጠረ ደግሞ ቅጂውን ከላይ በተጠቀሰው የሊኑክስ ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነስቶ መውሰድ ይሻላል፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስ እዚያ አይነሳም። ሰነዶችንና ምስሎችን እንጂ የፕሮግራም ፋይሎችን አይቅዱ። ቅጂውንም ወደ ጤነኛ ኮምፒውተር ከማስገባትዎ በፊት በጸረ ቫይረስ ይፈትሹት።

"ከጠፋ በኋላ በሪከቨሪ ሶፍትዌር ይመለሳል" በሚል ተስፋ መዘናጋት አደገኛ ነው። በቀድሞው ሃርድ ዲስክ ላይ ይህ አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። በዘመናዊው ኤስኤስዲ ግን ሥርዓቱ የተሰረዘውን ቦታ በራሱ ስለሚያጸዳው የተሰረዘ ፋይል የመመለስ ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው።

ቫይረስ መሆኑ ከታወቀ

አንደኛ፣ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ፤ የተሰካ ፍላሽና ኤክስተርናል ዲስክም ይንቀሉ።

ሁለተኛ፣ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን ጸረ ቫይረስ ሙሉ ፍተሻ እንዲያደርግ ይዘዙት። ቀጥሎም "ኦፍላይን ስካን" የሚለውን ይምረጡ። ይህኛው ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ስለሚፈትሽ የተደበቁ ቫይረሶችን የማግኘት ዕድሉ የተሻለ ነው፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት አዲሱን የቫይረስ መለያ ዝርዝር ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ በሌላ ኮምፒውተር አውርዶ በፍላሽ መጫን ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ሁለትና ሦስት ጸረ ቫይረስ በአንድ ላይ አይጫኑ፤ እርስ በርስ እየተጋጩ ማሽኑን ያንቀራፍፉታል። ኢንተርኔት ላይ ሳሉ "ኮምፒውተርዎ 5 ቫይረስ አለበት፤ እዚህ ይጫኑ" የሚል ማስታወቂያ ቢመጣም አይንኩት። ማስታወቂያው ራሱ ወጥመድ ነው።

አራተኛ፣ የኢሜይል፣ የባንክና የማኅበራዊ ሚዲያ የይለፍ ቃላትን ከሌላ ጤነኛ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ይቀይሩ። በተጠቃው ማሽን ላይ መቀየር አዲሱንም ለሌባው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን መፍትሔ ይሆናል። ፎርማት ተገቢ ቦታው እዚህ ነው፤ ቅጂ ከተወሰደ በኋላ።

ፎልደሮች ወደ ሾርትከት የተለወጡበት ፍላሽ ሲያጋጥም መደናገጥ አያስፈልግም። አብዛኛውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው ነው እንጂ አልጠፉም። በዊንዶውስ የፎልደር ምርጫ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችንም ሆነ የተጠበቁ የሥርዓት ፋይሎችን እንዲያሳይ ሲታዘዝ ይታያሉ። ሾርትከቶቹን ግን አይክፈቱ፤ ቫይረሱን የሚቀሰቅሱት እነሱ ናቸው።

ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ከሁሉ የከፋ ነው። እአአ ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ራንሰምዌር በ150 ገደማ አገራት ኮምፒውተሮችን ሲቆልፍ የብሪታኒያ ሆስፒታሎችም ሥራቸው ተስተጓጉሎ ነበር። ጥቃቱ የተጠቀመበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን ከሁለት ወራት በፊት ወጥቶ ነበር። የተጎዱት አፕዴት ያላደረጉ ኮምፒውተሮች ነበሩ።

ገንዘብ መክፈል ፋይሎቹ እንደሚመለሱ ዋስትና አይሰጥም። የኔዘርላንድስ ፖሊስና ዩሮፖል ከደኅንነት ኩባንያዎች ጋር እአአ በ2016 የጀመሩት "ኖ ሞር ራንሰም" የተሰኘ ድረ ገጽ ለአንዳንድ የራንሰምዌር ዓይነቶች መክፈቻ በነጻ ያቀርባል። መክፈቻ ባይገኝም የተቆለፉትን ፋይሎች ማስቀመጥ ይገባል፤ በኋላ ሊገኝ ይችላልና። ብዙ ራንሰምዌር የሚገባው "ክራክ" ከተደረጉ ፕሮግራሞች ጋር መሆኑም አይዘንጋ።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እአአ ጥቅምት 14/2025 አቁሟል። አሁንም በእሱ የሚጠቀሙ ሰዎች ለተራዘመው የደኅንነት አፕዴት መመዝገብ ወይም ወደ ሌላ ሥርዓት መሸጋገር ይኖርባቸዋል።

ድምፅ የሌለው እንግዳ

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የዝምተኛውን ቫይረስ ጉዳይ በቅርብ ያውቁታል። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ "ኪዳኔ" በሚል ተለዋጭ ስም እአአ የካቲት 2014 የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ዲሲ ፍርድ ቤት ከሶ ነበር።

ክሱ እንደሚለው ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር ከኢሜይል ጋር በተያያዘ የዎርድ ሰነድ አማካይነት በቤቱ ኮምፒውተር ገብቶ፣ ከእአአ ጥቅምት 2012 እስከ መጋቢት 2013 ድረስ የስካይፕ ንግግሮችንና የቤተሰቡን የኢንተርኔት አጠቃቀም ሲመዘግብ ቆይቷል። የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እአአ መጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም ሲል ክሱን ውድቅ አድርጓል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ፣ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሶፍትዌር አፕዴት በሚመስሉ ፋይሎች መጠቃታቸውን የሚያሳይ ጥናት ይፋ አድርጓል።

ትምህርቱ ለሁሉም ነው። ያልጠበቁት ሰነድ ከሚያውቁት ሰው እንኳ ቢመጣ ከመክፈትዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ። አፕዴትንም ከኢሜይል ሊንክ ሳይሆን ከፕሮግራሙ ወይም ከአምራቹ ያግኙ።

መብራት፣ ሙቀት እና አቧራ

ጄኔሬተር ሲነሳም ሆነ ነዳጅ ሊያልቅበት ሲል ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ስለዚህ ቻርጀሩን ከመነሳቱ በፊት ነቅሎ፣ ጄኔሬተሩ ከተረጋጋ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መሰካት፣ ከመቆሙ በፊትም መንቀል ምንም ወጪ የማይጠይቅ መከላከያ ነው።

በገበያ የሚሸጡት መከላከያዎች ሥራቸው ይለያያል። ስታብላይዘር ዝቅና ከፍ የሚለውን ቮልቴጅ ያስተካክላል። ሰርጅ ፕሮቴክተር ድንገተኛውን ከፍታ ይመክታል። ዩፒኤስ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ሥራዎን አስቀምጠው ኮምፒውተሩን በሥርዓት እንዲያጠፉ ደቂቃዎችን ይሰጣል። ባትሪ ለሌለው ዴስክቶፕ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም። በዝናብ ወቅት መብረቅ ሲኖር ግን ከሁሉ የሚሻለው ከሶኬት መንቀል ነው።

ላፕቶፕን አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ይዘጋል። አቧራ የሞላው ፋን ደግሞ ማሽኑን ያግለዋል፤ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ካልበረደም ይጠፋል። አቧራውን ለማስወገድ ኮምፒውተሩን አጥፍቶና ከሶኬት ነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ ወይም በአየር መንፊያ ማጽዳት ይቻላል። በሚነፋበት ጊዜ ፋኑ እንዳይሽከረከር በቀጭን እንጨት መያዝ ያስፈልጋል።

ቡና ወይም ውሃ ቢፈስበት ወዲያውኑ አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነም ያውጡት። "ይሠራ እንደሆነ ልየው" ብሎ ማብራት ከፈሳሹ የበለጠ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

ወደ ጥገና ከመሄድዎ በፊት

ቅጂ ይውሰዱ፤ የማሽኑን መለያ ቁጥር ይመዝግቡ። ዲስኩ በቀላሉ የሚወጣና ብልሽቱም የማይመለከተው ከሆነ አውጥተው ቤት ያስቀምጡት።

አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን ቢትሎከር በተባለ ሥርዓት በራሳቸው ሊቆልፉ ይችላሉ። ማዘርቦርድ ከተቀየረ ወይም የባዮስ ቅንብር ከተነካ ባለ 48 አኃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃሉ። ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ስለሚገኝ ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ወረቀት ላይ ጽፈው ያኑሩት። ያለ እሱ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም ፋይሎቹ አይከፈቱም።

ለጠጋኙም ሲያስረክቡ ትዕዛዝዎ ግልጽ ይሁን፦ "ሳልፈቅድ ፎርማት እንዳታደርገው።"

የመረጃ ጥበቃ ባለሙያዎች ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚመክሩት ደንብ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ይባላል። ከእያንዳንዱ አስፈላጊ ፋይል ሦስት ቅጂ ይኑር፤ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይቀመጡ፤ አንዱ ከቤት ውጭ ይሁን። ጁባ ላይ ይህ ማለት አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ ከሶኬትም ከኮምፒውተሩም ተነቅሎ በሚቀመጥ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሌላው ደግሞ በኢንተርኔት ማከማቻ ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ እጅ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ኮምፒውተሩ ነገ ማለዳ አልነሳ ቢለው የሚያጣው ማሽን ብቻ ነው።